የአባቴ ቮልስዋገን ዋጋ

ቡሬ በምሠራበት ጋራዥ ውስጥ የአሮጌ መኪና ወንበር ሲሸተኝ፣ ፍኖተ ሰላም ግቢያችን ውስጥ የቆመው የአባቴ ቮልስዋገን ፊቴ ድቅን ይላል። በደርግ ጊዜ ነው። አባቴ ታስሮ፣ እናቴ ስንቅ የምታመላልስበት ገንዘብ ስላጣች መኪናውን ልትሸጠው ቆረጠች።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር መጣና ጎማውን በጫማው ነካ አደረገው።

«ጓዲት፣ ሞተሩ አይነሳም። ለቆመ መኪና የአንድ በሬ ዋጋ ይበቃሻል።»

«ቆመ እንጂ አልወደቀም» አለችው ዓይን ዓይኑን እያየች። «የሦስት በሬ ዋጋ ካልከፈሉ እዚሁ ይቁም።»

«የእስረኛ ንብረት ከእኔ ሌላ ማን ደፍሮ ይገዛሻል?»

«እንግዲያ ማንም አይገዛኝ!»

እኔ ስለ መኪናው ብቻ የምታወራ መስሎኝ ነበር፤ የሰውየው ፊት ግን ተለዋወጠ። እየተሳደበ ሄደ። ልቡ አልቆርጥ ብሎት በሳምንቱ ተመለሰና የጠራችውን ከፍሎ አስገፍቶ ወሰደው። እናቴም አባቴ እስኪፈታ ድረስ ስንቁን አንድ ቀን አላስታጎለችም።

እኔም እስከ ዛሬ፣ ሰው ሲያራክስብኝ ዋጋ አልቀንስም።