እንድርያስና የጠመንጃው መነጽር

እንድርያስ ሚዛን ተፈሪ ገበያ ግርጌ ባለችው የቆርቆሮ ሱቁ ጠመንጃ ሲጠግን ሃያ ዓመት አልፎታል። ሙያውን የወረሰው ከአባቱ ነው። በአባቱ ጊዜ የሚመጣው ምንሽር ነበር፤ ባለምንሽር አንዴ ተኩሶ እስኪያቀባብል ሽማግሌ መሃል ይገባል። በኋላ የመጣው ክላሽ ግን ለሽማግሌ ጊዜ አልሰጠም። የሚስቱ የአስካለች ወንድም ቱም አካባቢ በከብት ጠብ የሞተው በክላሽ ነው። ከዚያ ወዲህ እንድርያስ ጠመንጃ የያዘን ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ያያል።

በ1999 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ሸዋንግዛው የሚባል እንግዳ ሰው ጠመንጃ በጆንያ ይዞ መጣ። በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም መነጽርም አወጣ።

"ብረቱን በስተው ይቺን ላዩ ላይ ይግጠሙልኝ። ዝንጀሮ በቆሎዬን ፈጀው።"

"ከየት ነህ?"

"ከማሻ።"

"መንገዱ እንዴት ነው?"

"አቧራው አይጣል ነው!"

በነሐሴ የማሻ መንገድ መኪና የሚውጥ ጭቃ ነው።

"ፈቃዱስ?"

"ይመጣል። እርስዎ ብቻ ይጨርሱልኝ።"

ነገ ተመለስ ብሎ ሸኘው። ብቻውን ሲቀር መነጽሩን አንሥቶ ከበሩ ላይ ወደ ማዶ አየ። ጎረቤቱ ዘይቱና ምንጩ ጋ ውኃ ትቀዳለች። በባዶ ዓይን ነጥብ የምታህል ሴት፣ አሁን የሻሿ አበባ ሳይቀር ይቆጠራል። ላቧን ጠርጋ ቀና አለች፤ ወደ እሱ እያየች አላየችውም። መነጽሩን ቶሎ አወረደው።

ማታ ራት ላይ ለአስካለች ነገራት።

"የወንድሜን ገዳይ እንኳ ፊቱን ያየው ሰው ነበር" አለች። "በዚህ የሚገደለውን ሰው ደም ከማን እንጠይቃለን?"

በማግስቱ ጠመንጃውን እንዳለ መለሰለት። "መሰርሰሪያዬ ይህን ብረት አይበሳም።"

ሸዋንግዛው ወለሉ ላይ የተበተነውን የብረት ፍቅፋቂ አየ፤ ቀጥሎ እንድርያስን አየ። "የሚበሳ አይጠፋም" ብሎ ወጣ። የተሳፈረው ግን በማሻ ሳይሆን በቱም መኪና ነበር።

እንድርያስ በቀጥታ ቀበሌ ሄዶ ተናገረ። ሊቀመንበሩ የሸዋንግዛውን ስም መዘገበና "ታዲያ ምን አጠፋ?" አለው። ምናልባት ሰውየው እውነትም ዝንጀሮ በቆሎውን የፈጀበት ገበሬ ነው።

ከዚያ በኋላ ጠመንጃ መጠገን ትቶ የቡና መፈልፈያ ማሽን መጠገን ያዘ። ግን ቱም በኩል ሰው ሞተ በተባለ ቁጥር መናኸሪያ ይወርድና ሾፌሮቹን ይጠይቃል፦ "ከቅርብ ነው የተመታው ከሩቅ?"