የአባቴ ግንባርና የፈርዖን ወታደሮች

አባቴ ግንባራቸው ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ አውራ ጣት የምታስገባ ስርጉድ አለቻቸው። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ይህችን ስርጉድ የማያውቅ ሀበሻ ካለ ገና ትናንት የገባ ነው። «ጨበጣ ውጊያ ላይ ጠላት በሰደፍ መታኝ» ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን ይናገራሉ፣ ፀጉር ቤት ይናገራሉ፤ ኧረ አንዴ መንጃ ፈቃድ ሊያሳድሱ ሄደው ፎቶ አንሺዋንም አስቁመው አውርተዋታል። ምስክራቸው በየእሁዱ ከጎረቤት ከተማ ከአሌክሳንድሪያ የሚመጡት የጦር ጓደኛቸው ናቸው። «ተሸክሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ!» ይላሉ፣ ሁልጊዜ ታሪኩ እዚያው ቦታ ላይ ሲደርስ።

ልጄ ኮሌጅ ስለ አጥንት ትማራለች። በጦርነት ስለሞቱ የጥንት ግብፅ ወታደሮች አጽም ክላስ ውስጥ እንድታቀርብ ታዘዘችና «አባባን ፕረዘንት ላደርጋቸው ነው» አለች። አባቴ ያን ለት ከረባት ገዙ። ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ቆመው ስርጉዷ በየትኛው መብራት እንደምታምር ሲያጠኑ ከረሙ።

እሁድ ሳሎን ውስጥ ልምምድ ሆነ። ልጄ የወታደሮቹን የራስ ቅል ፎቶ በቲቪው አሳየችን።

«የማን ጦር ናቸው?» አሉ አባቴ።

«የፈርዖን።»

«ሙሴን ያሳደዱት? ይበላቸው!»

ልጄ ቀጠለች። አብዛኛው ሰው ቀኝ እጁን ስለሚጠቀም፣ ፊት ለፊት የተመታ ወታደር ቁስሉ በግራው ነው። ዱላው ሲመጣ ያየ ደግሞ ክንዱን ስለሚያነሳ የክንዱ አጥንት ይሰበራል። ይህን ብላ የአያቷን ግንባር ዳሰስ አደረገችና ቆመች።

«ዌይት፣ አባባ። የርስዎ በቀኝ ነው። የመታዎት ሰው ግራኝ ነው ማለት ነው። ክንድዎ ደግሞ ደህና ነው። ፊትዎ ቆሞ ሲመታዎት እጅዎን ለምን አላነሱም? ሴንስ አይሰጥም።»

ሁላችንም ዞር ብለን ጓደኛቸውን አየን። ቢላዋውን በግራ እጃቸው ይዘው ብርቱካን እየላጡ ነበር።

«የገና ለት፣ ገና ስንጫወት ነው» አሉ ብርቱካኑን እያዩ። «ሩሯን ልመታ ዱላዬን ሳነሳ እሱ ግንባሩን አመጣ!»

እኔ ተናደድኩ። በዚህ ታሪክ ስንቱን የክፍል ጓደኛዬን አሰልችቻለሁ! «ታዲያ ጠላት ከየት መጣ?» ብዬ አባቴ ላይ ጮህኩ።

«አዛዡ ጨዋታውን ከልክሎ ነበር» አሉ። «እውነቱን ብናገር ይህን ምስኪን ያስሩት ነበር። በኋላ ደግሞ ታሪኩ አማረብኝ።» ከዚያ ከረባታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ። «በቃ፣ እኔ ክላስ አልሄድም። ምን ብዬ?»

ሲያሳዝኑ! ልጄ ግን ከረባቱን ከኪሳቸው አውጥታ መልሳ አሰረችላቸው። «ኖ፣ አባባ። አሁን ሁለታችሁም ትመጣላችሁ።»

ክላሱ ሞልቶ ነበር። ጓደኛቸው የመጥረጊያ እንጨት በግራ እጃቸው ይዘው፣ ያን ለት እንዴት እንደሆነ ለማሳየት አባቴ ፊት ቆሙ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» አሉና እንጨቱን ከፍ አድርገው ሰነዘሩ። ተማሪው ሁሉ ጮኾ ክንዱን አነሳ፤ እኔም አነሳሁ።

አባቴ ብቻ አላነሱም።