የሙሴ ኤሊ እና አራቱ ሞላዎቿ

ጅጅጋ ጋራዥ ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ነው። ከሞጣ ተነስቼ በየከተማው እያደርኩ ስለመጣሁ ቀሚሴ አቧራ ለብሶ ነበር። የጋራዡ ኃላፊ ጋሽ በላቸው የምደባ ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«መካኒክ ይላል» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እኔ የጠየቅኋቸው እኮ መካኒክ ነው።»

«እኔም እሱኑ ነኝ።»

አልሳቁም። የመሣሪያ መጋዘን አስገቡኝ። አራት ወር ሙሉ ቁልፍና ካቻቢቴ እያደልኩ፣ ማታ እየቆጠርኩ ስመልስ ከረምኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንድም አልጠፋብኝም። ከየመሣሪያው የተበላ ጥርስ ተነስቼ ማን በጉልበት፣ ማን በብልሃት እንደሚፈታም ለየሁ።

አንድ ቀን ጋሽ በላቸው ሁለት አሞርዛቶር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «የትኛው ይጣላል?» አሉኝ። አሞርዛቶር ሞላው ሲዘል ዝላዩን የሚያበርድ፣ ዘይት የያዘ ቱቦ ነው። አቆምኳቸውና ዘንጋቸውን ወደ ታች ገፋሁ። አንደኛው እየታገለ ወረደ። ሁለተኛው እስከ ግማሽ ድረስ ምንም ሳይታገል ገባ።

«ይኼኛው። ግማሹ ባዶ ነው።»

«ከነገ ጀምሮ ከመኪና ሥር ትገቢያለሽ» አሉኝ። ረዳት መካኒክ የሆንኩት እንዲህ ነው። ሁለተኛ መካኒክ፣ ከዚያም አንደኛ መካኒክ ለመባል ዓመታት ፈጀብኝ። በመጨረሻ የእግር ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ጎማ፣ ፍሬን፣ መሪ፣ ሞላ ሁሉ የእኔ ሆነ።

በዚያ አገር መኪና ማለት ጭነት ማለት ነው። ውሃ በበርሜል፣ ዱቄት፣ ፍየል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ሰው። ወደ አውበሬና ወደ ሸደር የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ገና ከመግባቱ «አጠንክሪልኝ» ይላል። እኛም እናጠነክርለታለን። ሳናውቀው ዓይናችን ለመደና ጠንካራ ሞላ ሁሉ ጥሩ ሞላ መሰለን።

አዴር ሙሴ የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ከተማው ሁሉ እንዲህ ይላቸዋል። የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። አንድ ጊዜ ካራማራ ቁልቁለት ላይ ተገልብጠው እሳቸው ሲተርፉ አብሯቸው የነበረው ጓደኛቸው ሞተ። ከዚያ ወዲህ መሪ ይዘው አያውቁም።

«ልጄ፣ መኪና ሠርቻለሁ። እግር ብቻ ነው የቀራት» አሉኝ።

ጋሪ ነገር ይሆናል ብዬ ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ የቆመችው ግን ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ነበረች። ጂቡቲ ወደብ አንዲት አይተው፣ መልኳን በልባቸው ይዘው ተመልሰው ነው የጀመሯት። ሻንሲዋን በአራት ማዕዘን ቱቦላሬ በየዱት። ሞተሯንና የኋላ አክሰሏን ከተጋጨ የቤት መኪና አወጡ። ጣሪያ የላትም። ቁመቷ እስከ ወገቤ ነው። ጎረቤት ሁሉ «የሙሴ ኤሊ» ይላታል።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሆዳን ትባላለች። አውበሬ ላለ ሰው ልትዳር ነው። አዴር ሙሴ በገዛ እጃቸው በሠሯት መኪና፣ ራሳቸው እየነዱ ሊያደርሷት አስበዋል። አንድ ነገር ግን አለ።

«አራት እግሯ ቆሞ፣ በግ ታርዶ ዱዓ እስኪደረግባት ድረስ ወንበሯ ላይ አልቀመጥም። ነዝር ነው።»

ነዝር እኛ ስለት የምንለው ነው። እኔም የስለት ልጅ ነኝ፤ ብዙ ነገር ተስዬ አግኝቻለሁ። «ይሁን፣ አዴር። ሙከራውን እኔ እነዳለሁ» አልኩ።

ሞላ ቀድመው ገዝተው ኖሯል። የፒክአፕ ሞላ ነው፤ ሽቦው አውራ ጣት ያክላል።

«ለእሷ ይህ ይበዛባታል» አልኳቸው።

«ወፍራም ነው! የልጅ ልጄ ይወርሰዋል፣ ወላሂ።»

ገጠምነውና ሜዳ አወጣኋት። ክብደት ስለሌላት ሞላው አልተጨመቀም፤ ድንጋይ በነካች ቁጥር ነጠረች። ጎማ አየር ላይ ሲሆን ፍሬንም መሪም የለም። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ስመለስ አጥር ላይ የተደገፉ ሴቶች «ኤሊዋ ፍየል ሆነች!» እያሉ ይስቃሉ። አዴር ሙሴም ሳቁ። ሞላውን ግን በማግስቱ ራሳቸው ፈቱት።

ሞላ በዓይን አይመረጥም። መጀመሪያ እያንዳንዱ ጎማ የሚሸከመውን ማወቅ ያስፈልጋል። የእህል መጋዘን ኃላፊውን ለምነን ኤሊዋን ወደ መሬት ሚዛናቸው ገፍተን ወሰድናት። አንዱን ጎማ ሚዛን ላይ ስናወጣ፣ ከሦስቱ ጎማዎች ሥር ከሚዛኑ እኩል የሆነ ሳንቃ አነጠፍን፤ አለበለዚያ መኪናው ያዘነብልና ሚዛኑ ይዋሻል። ከፊት ሁለቱ መቶ ሠላሳ ሠላሳ ኪሎ፣ ከኋላ መቶ ሃያ ሃያ አካባቢ መጣ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

ሚዛኑን ስናነብ ወንበሩ ባዶ ነበር። ይህን ልሸሽገው አልችልም፤ ያኔውኑ ትዝ ብሎኛል። አዴር ሙሴ ትልቅ ሰውዬ ናቸው። ግን ስለት አለባቸው፤ ተቀመጡ አይባሉም። ኪሎዎት ስንት ነው ብዬ መጠየቅ ደግሞ አፈርኩ። እኔ ባደግሁበት አገር ሴት ልጅ የአባቷን እኩያ ኪሎ አትጠይቅም። በሙከራው እኔ እቀመጥባት የለ እንዴ ብዬ ራሴን አታለልኩ። እኔ ያኔ አርባ ስምንት ኪሎ ነበርኩ።

ከትንሽ የቤት መኪና ለስለስ ያለ ሞላ አገኘን። አሞርዛቶሩን በርዝመት መረጥኩ። ጎማው ሲንጠለጠልና እስከ ላይ ሲገፋ በእንጨት ለካሁ። መኪናው ቆሞ ሳለ ዘንጉ መሃል አካባቢ መዋል አለበት፤ ወደ ላይም ወደ ታችም መሄጃ እንዲኖረው። ስንገጥም የቦኮላዎቹን ዳዶ በክሪክ ተነስታ ሳለች አላጠበቅሁም። ቦኮላ የማሰሪያው ጎማ ነው። ተንጠልጥሎ ከታሰረ፣ መሬት ስትነካ ተጠማዝዞ ይቀራል፤ ቶሎም ይቀደዳል።

«ብዙ ዘመን ነድቻለሁ፤ ይህን የነገረኝ የለም» አሉ አዴር ሙሴ፣ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ቁልፍ እያቀበሉኝ።

ስነዳት እንደ ምንጣፍ ሄደች። ተደሰትን።

የሠርጉ ቀን አርብ ነበር። ጠዋት በጉ ታረደ። ሼኩ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አድርገው ዱዓ አደረጉ፤ እኔም በልቤ የራሴን ጸሎት አደረስኩ። ከኋላ አሥር የሚሆኑ የአጃቢ መኪናዎች ተሰልፈዋል። እልልታው ቀለጠ። አዴር ሙሴ በነጭ ልብሳቸው ቢስሚላህ ብለው ተቀመጡ። ሆዳን ከነወርቋ አጠገባቸው ገባች።

የኤሊዋ ኋላ ወረደ። ወንበሮቹ ወደ ኋላው አክሰል የተጠጉ ስለሆኑ የሁለቱም ክብደት እዚያው ነው ያረፈው። እየሮጥኩ ሄጄ በጎማውና በጭቃ መከላከያው መሃል እጄን ላስገባ ሞከርኩ። አንድ ጣት እንኳ አልገባ አለ። የአሞርዛቶሩ ዘንግ እስከ አንገቱ ሰጥሟል። የአውበሬ መንገድ ደግሞ ጠጠርና ደረቅ ወንዝ ነው። በመጀመሪያው ጉድጓድ ላሜራው ጎማውን ይቆርጠዋል።

«አዴር፣ ይውረዱ» አልኩ።

«ምን?»

«ይውረዱ። ሆዳንም ትውረድ።»

እልልታው ቆመ። አንዲት አክስት በሶማሊኛ «ይቺ ደገኛ ምን ሆነች?» ስትል ሰማኋት። በሠርግ ማለዳ ሙሽራን ከመኪና አውርዱ ማለት ክፉ ምልኪ ነው። ደግሞ የምለው እኔ፣ የሰው አገር ሴት።

አዴር ሙሴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ሰው እያየን ነው። ቀስ ብዬ እነዳለሁ» አሉኝ።

«ቀስ ቢሉም ጎማው ይነካል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ባዶዋን ነው የመዘንኳት። ቢቆጡኝ ይሻላል፣ ይውረዱልኝ።»

መሪውን ለቀቁ። ከዚያ በሩን ከፈቱ።

«ካራማራ ላይ ውረድ ያለኝ ሰው አልነበረም» አሉና ወረዱ። ለሆዳን እጃቸውን ሰጥተው አወረዷት።

አሁን ሞላ ከየት ይምጣ? የፒክአፑን ልመልስ ብል ፍየልነቷ ይመለሳል። መካከለኛ ነው የሚያስፈልገው። ከአጃቢዎቹ መሃል የሙሽራው አጎት አሮጌ ስቴሽን መኪና ቆማለች። በፊት ጠግኛታለሁ፤ የኋላ ሞላዋ አቀማመጡ ከእኛው ጋር አንድ ነው፣ ሽቦው ግን ወፈር ይላል። ጠየቅኳቸው።

አጎትየው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «ግመል ሰጠን። ልጃችንን ሰጠን። ደግሞ ሞላ?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አዴር ሙሴ ቀበል አድርገው «የእኔን ለስላሳውን ትወስዳለህ፣ ወገብህ ይድናል» አሏቸው።

«ሃዬ፣ እሺ። ፈትተሽ ውሰጂ፣ ኢንጂነር።»

«ከኋላ ግን ሰው አይጫኑ» አልኳቸው። አራት ሴቶች እያጉረመረሙ ወርደው ወደ ሌላ መኪና ሄዱ።

ለሠርግ የተጠሩት ጋሽ በላቸው ኮታቸውን አውልቀው አጠገቤ ተንበረከኩ። ያን ቀን ኃላፊና ሠራተኛ አልነበረም። መኪናዎቹን በክሪክ አነሳን፤ ከሥር ጠንካራ ድጋፍ አቆምን። የአሞርዛቶሩን ታችኛ ብሎን ስንፈታ አክሰሉ ወረደና ሞላው በእጅ ወጣ። የአንዷን ሞላ ለሌላዋ ቀየርን። ዳዶውን ከማጥበቄ በፊት አዴር ሙሴንና ሆዳንን እንዲቀመጡ ለመንኳቸው። በጭቃ መከላከያውና በጎማው መሃል አራት ጣት ገባ።

ከሥር ሆኜ፣ አሁን ማፈሩም አለቀና «አዴር፣ ኪሎዎት ስንት ነው?» አልኩ።

«መቶ አራት።»

«ምነው ቀድመው ቢነግሩኝ?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

ጋሽ በላቸው ቁልፉን ጥለው ሳቁ።

ጉዞ ስንጀምር ፀሐይ ከፍ ብላ ነበር። እኔ ከኋላቸው፣ በስቴሽኗ የፊት ወንበር ተቀምጬ የኤሊዋን ሁለት ጎማዎች ብቻ እያየሁ ሄድኩ። አጎትየው ሊያጫውቱኝ ቢሞክሩም አልመለስኩላቸውም። የመጀመሪያው ደረቅ ወንዝ ላይ ኋላዋ ሰመጠ፣ አንድ ጊዜ ተነሳ፣ ረጋ። አንድ ጊዜ ተነስቶ መርጋት ነው ትክክሉ። ሁለተኛውም ወንዝ እንዲሁ አለፈ። ከሦስተኛው በኋላ እመቤቴን ማመስገን ጀመርኩ።

አውበሬ ስንደርስ ሕዝቡ ወደ ሙሽራዋ ሲሮጥ እኔ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። የጎማው ትከሻ ላይ ጭረት የለም። የጭቃ መከላከያው ውስጥ አቧራው እንዳለ ነው፣ የተፋቀ ቦታ አላገኘሁም። ሁለቱን የኋላ አሞርዛቶሮች በእጄ ዳበስኩ። ሁለቱም እኩል ሞቀዋል፤ እኩል ሠርተዋል ማለት ነው። እዚያው ተጋድሜ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ።

ሆዳን ቀሚሷን ሰብስባ አጎነበሰች። «ውጪ እንጂ! እናቴ ያለ ሥጋ ለብቻሽ ያስቀመጠችው ሩዝ እየቀዘቀዘ ነው። አርብ ትጾማለች ብላ።»

ወጣሁ። አዴር ሙሴ ከሰዎች መሃል ቆመው መንገዱን በእጃቸው እየሳሉ ያወራሉ፤ ድምፃቸው ከሁሉም ይበልጣል።

ሰኞ ሥራ ስገባ የክፍሌን ሰዎች ሰብስቤ ስህተቴን ነገርኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ ክፍል ሞላ የሚመረጠው ሰው ተቀምጦ ከተመዘነ በኋላ ሆነ። ቀላል መኪና ላይ ሰው ትልቅ ጭነት ነው። ባለቤቱ መቀመጥ ካልቻለ በኪሎው ልክ እህል የሞላ ጆንያ ወንበሩ ላይ አስቀምጡ። ኪሎውን ግን ሳታፍሩ ጠይቁ።