ትከሻ ጣይን የሚፈልግ ሰው

መሥሪያ ቤታችን የበሽታ ስሞችን ያደራጃል። ሲወራ ቀላል ይመስላል። አንዱ ሆስፒታል «ስኳር» ብሎ ይመዘግባል፣ ሌላው «የስኳር ሕመም» ይላል፣ ሦስተኛው በሁለት የላቲን ፊደል ያሳጥረዋል። ተመራማሪው መረጃውን ልሰብስብ ሲል ኮምፒውተሩ ሦስት በሽታ አድርጎ ይቆጥርለታል። የኛ ሥራ ሦስቱን አንድ ቦታ ማሰር ነው፤ ለአንድ በሽታ አንድ ዋና ስም፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ አጭር ፍቺ፣ ከሥሩ ደግሞ ሰው በልማድ የሚጠራባቸው ተለዋጭ ስሞች። ሐኪሙ በየትኛውም ቢፈልግ ከዋናው ይደርሳል።

ወንፊትን ያወቅኋት እዚህ ነው። ወንፊት ያልናት እኛ ነን፤ ገለባ ስለማታሳልፍ። የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነበረች። ማይክሮስኮፕ ዓይኗን ሲያደክማት ወደኛ ክፍል ተዛወረች፣ ጠረጴዛዋም ከኔ ፊት ለፊት ሆነ። ዓመት ሙሉ ማንም ያልፈለገው ተለዋጭ ስም ይውጣ የሚለውን ደንብ ያመጣችው እሷ ናት። «ስም እንደ ዕቃ ነው፤ የማይነሳውን ብትደረድሩት መተላለፊያ ታጣላችሁ» ትል ነበር። አንዱ ባልደረባችን አያቱ ሪህን ይጠሩበት የነበረ ስም ሊወጣ መሆኑን አይቶ ቢለምናት፣ «የአያትህን ነፍስ ይማር፤ ስሙን ግን አሁን ማን ይፈልገዋል?» ብላ ዓይኑ እያየ አወጣችው።

ቤቷ ከአንድ ጫማ ሰፊ ሱቅ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ ነበረች። እናትና አባታቸው ሲያልፉ ታናሿ ገና ልጅ ስለነበረች ወንፊት እህትም እናትም ሆና አሳደገቻት። ልጅቷ ልብስ ሰፊ ወጣት ናት፤ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አድርጋ የሠፈሩን ልጆች የተማሪ ልብስ ትሰፋለች። እጇ ጨርቅ ላይ እሳት ነው። ከትከሻ በላይ ግን አይነሳም። የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ማስጣት፣ ከመደርደሪያ ብርጭቆ ማውረድ፣ ፀጉሯን ማበጠር አትችልም። በየማለዳው የምታበጥራት ወንፊት ነበረች።

ለዓመታት ያልተባለችው የለም። አንዱ ሐኪም ነርቭ ነው አላት፣ አንዱ ስንፍና ነው አላት፣ ጎረቤቶቿ ደግሞ ባል ስታገባ ይተዋታል አሉ። በመጨረሻ አንድ የጡንቻ ሐኪም ከሥጋዋ ቆንጥሮ አስመርምሮ ስም ሰጠው። ትከሻ ጣይ ይባላል፤ ያለባቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው። ታናሿ በታክሲው ውስጥ ስቃ አላባራችም። «ስም አለው እትዬ! ሰነፍ አይደለሁም፣ ስም አለው!»

ስሙን ወደ መዝገባችን ያስገባችው ወንፊት ናት። ፍቺውንም ጻፈች። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ልብን ሲነካ አልታየም» ይላል። ታናሿ ይህችን በቃሏ ይዛ የመንደሩ መቀለጃ አደረገቻት። መቼ ነው የምታገቢው ያላትን ሁሉ፣ «ሐኪሞቹ ጽፈውታል እኮ፤ ልቤን የነካ የለም» ትላለች።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሁለት ላቦራቶሪዎች አንድ ዓይነት ውጤት መጣ። ትከሻ ጣይና ጡንቻን ከልብ ጋር የሚያደክመው የታወቀ በሽታ መነሻቸው አንድ ነው፤ የተበላሸው ዘረመል ያው ነው። የትከሻ ጣይ ሕሙማን ሁሉ ወጣቶች ስለነበሩ ሕመሙ ልባቸው ድረስ ገና አልዘለቀም፤ ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነበር። የታወቀው በሽታ አካሄዱም መጨረሻውም የታወቀ ነው።

የክፍላችን ኃላፊ ዶክተሩ እኛው ጠረጴዛ ድረስ መጡ።

«ለሌላ ሰው ልስጠው?» አሏት ቀስ ብለው።

«ለማን?» ወደኔ በአገጯ አመለከተች። «ለዚህ? ይሄ ነጠላ ሰረዝ የሚረሳ ሰው ነው። እኔው እሠራዋለሁ። ቅዳሜና እሁድን ብቻ ይስጡኝ።»

ምን እንደሚያስጨንቃት አውቃለሁ። ሁለት ስም ስናገናኝ «ተቀራራቢ» ወይም «ፍጹም አንድ» ከሚሉት አንዱን መምረጥ አለብን፤ ምርጫውንም ሌላ ባልደረባ አይቶ ይፈርምበታል። ተቀራራቢ ካለች ትከሻ ጣይ ለብቻው ይቆማል፤ ያቺ ስለ ልብ የምትለው ዓረፍተ ነገርም ባለችበት ትቀራለች። ፍጹም አንድ ካለች ትከሻ ጣይ በታወቀው በሽታ ሥር ይገባል፤ የኛን መዝገብ የሚጠቀሙ ሆስፒታሎችም ትከሻ ጣይ ያለበትን ሰው ሁሉ ለልብ ምርመራ ይጠራሉ። እህቷም ትጠራለች፤ ለምን እንደተጠራችም ታውቃለች።

የቤቱን ነገር ሁለቱም ኋላ በየተራ ነግረውኛል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ታናሿ መኪናዋን አቁማ ታላቋን አየቻት።

«ምን ሆነሻል?»

«ሥራ ነው።»

«ሥራማ መቼ ጠፍቶ ያውቃል። ሻይሽ ውስጥ ጨው ጨመርሽ እኮ፤ ደግሞ ጠጣሽው።»

ወንፊት ብርጭቆውን አስቀምጣ ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳቻት። ታናሿ ክሩን ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ሰማች።

«ልብን ሲነካ አልታየም አይልም እንዴ?»

«ይላል።»

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«እና?»

«አልታየም ነው የሚለው፣ የኔ እናት። አይነካም አይልም።»

ከታች ጫማ ሰፊው ተረከዝ ይመታል።

«ተቀራራቢ የምትሉት ነበረ አይደል?» አለች ታናሿ። «እሱን አድርጊዋ! ማን ያይሻል?»

«ሁለተኛ ፈራሚው ያያል።»

«ማን? ያ ነጠላ ሰረዝ የሚረሳው?»

ሁለቱም ሳያስቡት ሳቁ። ሳቁ ሳያባራ ታናሿ ማልቀስ ጀመረች። «ከስንት ዓመት በኋላ ያገኘሁትን ስም በገዛ እጅሽ?»

«ባለ ገመዷስ?» አለች ወንፊት።

ባለ ገመዷ ሌላ ከተማ የምትኖር ልጅ ናት። ትከሻ ጣይ አለባት፤ እጇ ባይነሳም እግሯ ደህና ስለሆነ እናቷና ወንድሟ ገመድ እያዞሩላት ስትዘል ትውላለች። ታናሿ በየሳምንቱ በስልክ ታወራታለች፤ የተማሪ ልብሷንም ሰፍታ ትልክላታለች።

«ልቧ ሳይታይ ትዝለል?»

ታናሿ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዙራ ያን ቀን ሙሉ በእጇ ሰፋች፤ ራት ቀርቦላትም ጀርባዋን እንደሰጠች በላች።

እሁድ ማለዳ ማበጠሪያውን ይዛ መጣችና እንደ ወትሮዋ ከታላቋ ጉልበት ሥር ተቀመጠች። ብዙ ከተበጠረች በኋላ፣ «ስሜስ?» አለች።

«ከዋናው ሥር ተለዋጭ ስም ይሆናል።»

«በሱ የሚፈልገኝ ካለ ያገኘኛል?»

«ያገኝሻል።»

«እንግዲያው ነገ ጨርሺው። ለልጅቷ እናት ግን አንቺ ደውዪ፤ እኔ አልችልም። ቀስ በዪ ደግሞ፣ ፀጉሬን ነቀልሽው።»

ሰኞ ጠዋት ወንፊት ፍጹም አንድ የሚለውን መረጠች። ስለ ልብ የጻፈችውን ዓረፍተ ነገር ሰረዘች። እኔም አይቼ ፈረምኩ፤ ሥራው እንከን አልነበረውም። ከዚያ ለልጅቷ እናት ለመደወል ወደ ደረጃው ወጣች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር። የሚቀጥለውን ፋይል ከፈተች።

ባለ ገመዷ የልብ ሕመሟ በጊዜ ተገኘላት፤ መድኃኒት ጀመረች፣ ዝላዩንም ተወች። የታናሿ ልብ ግን ሲታይ አስቀድሞ ሰፍቶ ደክሞ ነበር። መድኃኒቱ ትንሽ አቆያት። ልጠይቃት ስሄድ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ቁልፍ ትተክል ነበር። «አየህ አይደል? ተነካ እኮ ልቤ፤ ሰውየውን ብቻ አላየሁትም» አለችኝ። ምን እንደምል ጨንቆኝ ስለ ነጠላ ሰረዝ አወራሁ፤ ደግነቱ ሳቀችልኝ። አንድ ማለዳ ወንፊት ማበጠሪያውን ይዛ ስትገባ አልፋ አገኘቻት።

ለቅሶው ሲያበቃ ወደ ሥራ ተመለሰች። እንደ ድሮዋ ታጣራለች፣ እንደ ድሮዋ ትቆጣለች። መኪናው መስኮቱ ሥር እንዳለ ነው፤ ጨርቅ ሸፍናበታለች። ሐኪሞቹም ትከሻ ጣይ ማለቱን ተዉት፤ በዋናው ስም ነው የሚጽፉት።

ዓመት አልፎ አዲስ የተቀጠረች ባለሙያ የማይፈለጉትን ተለዋጭ ስሞች እንድታወጣ ታዘዘች። አንዱ ላይ ቆም አለች።

«ይሄ ትከሻ ጣይ የሚለው ይገርማል። ሆስፒታሎቹ ከተዉት ቆይተዋል። ግን በየሥራ ቀኑ ጠዋት ጠዋት አንዴ የሚፈልገው ሰው አለ። አንዴ ብቻ። ከዚሁ ከኛ ሕንፃ ነው መሰለኝ፤ ማን እንደሆነ ላጣራ እንዴ?»

ወንፊት ዓይኗን ከስክሪኗ አላነሳችም። ጆሮዋ ግን ቀላ።

«ይፈለጋል አልሽ አይደል?» አልኩ እኔ።

«አዎ።»

«የሚፈለግ ስም አይወጣም፤ ደንቡ ይኸው ነው። ቀጥዪ።»

ቀጠለች። ወንፊት ቀና ብላ አየችኝና፣ «ትናንት የላክህልኝ ፍቺ ነጠላ ሰረዝ የለውም» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ቀድሜያት ገብቼ ነበር። ኮቷን ሰቀለች፣ ሻይዋን ሳትቀምስ ተቀምጣ ሁለቱን ቃላት ጻፈች። የታወቀው በሽታ ገጽ ተከፈተ፤ ወደ ታች ወርዳ ትከሻ ጣይ የሚለውን አየችና ዘጋችው። እሷ ፈቃድ ስትወጣ ወይም ሲያማት እኔ እፈልገዋለሁ።