የኮምፒውተሯ ታማሚ

ሙሉመቤት ጡረታ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ዛሬም ባጃጅ ይዛ በጤና ኮሌጁ በር ስታልፍ አንገቷን ማዞሯ አይቀርም። የሚናፍቃት የኮምፒውተር ክፍሉ ነው። የጅጅጋ አቧራ እንዳይገባ ጫማ በር ላይ ይወለቃል፤ የሰው ጫማ አጥልቆ የሚወጣውን ተማሪ በስሙ ጠርታ የምታስመልሰው እሷ ነበረች። በደመወዝ መዝገቡ ላይ የጽዳት ሠራተኛ ትባል እንጂ፣ ያለ እሷ ፈቃድ እዚያ ክፍል ዝንብም አትገባም ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ደረጄ የሚባል የፊዚዮቴራፒ መምህር ከደብረ ብርሃን ተመድቦ መጣ። ለኮምፒውተሮቹ አዲስ ትምህርት አዘጋጀ፤ ተማሪው ጥያቄ ሲመርጥ ስክሪኑ ላይ ያለች ታማሚ በድምፅ ትመልስለታለች፣ እሱም ሕመሟን ለይቶ ሕክምናውን ይመርጣል። የታማሚዋን ድምፅ በአማርኛም በሶማልኛም የሚሰጥ ሰው ሲያፈላልግ ሙሉመቤትን አገኘ። አያቷ በወታደርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሷም እዚሁ ተወልዳ ሁለቱንም ቋንቋ እንደ ውሃ የምትጠጣ ናት።

«እትዬ ሙሉ፣ የመጣልዎትን ሕመም ይፍጠሩ» ብሎ ማይኩን አስጠጋላት። «የት ነው የሚያምዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«እንዴ! ታማሚ እኮ ነዎት!»

«በአንድ ጥያቄ ጓዳውን የሚዘረግፍ ታማሚ የት አገር አለ? ሶማሌውም ቢሆን መጀመሪያ አልሐምዱሊላህ ነው የሚለው። ሰው ሕመሙን የሚያወጣው ጠያቂው የምሩን መሆኑን ሲያይ ነው።»

ደረጄ ሳቀና እንዳለችው አደረገው፤ ታማሚዋ ሦስት ጊዜ ካልተጠየቀች ሕመሟን አትናገርም። በሦስተኛው ሙሉመቤት ተናገረች። ቀኝ ክንዷ ከትከሻ በላይ አልነሳ ካለ ሰባት ወሩ ነው። በዚያ ጎን መተኛት አቅቷታል። ቀሚስ የምትለብሰው ጎረቤት ጠርታ ነው፤ ሰው ማስቸገሩ ቢያሳፍራት ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትታለች። ስትጨርስ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ደረጄ አጨበጨበ። «እርስዎ ቴአትር ቤት ነበር መቀጠር የነበረብዎት!»

ሙሉመቤት ከተናገረችው አንዲት ቃል አልፈጠረችም። ግን ሰው እንዲህ ደስ ብሎት ሲያጨበጭብ «እውነቴን ነው» ማለት ልመና መሰላት። ሆድ ይፍጀው ብላ መወልወያዋን በግራ እጇ አነሳች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ሙሉመቤት ምኑን ደበቀች? በማይክ ተናገረች እኮ! ተማሪው ሁሉ ድምፅዋን እየሰማ ትከሻዋን ሲያክም ይውላል፤ እሷ ከኋላው መስኮት ትወለውላለች፣ ያውም እጇ የሚደርስበትን ያህል። መድኃኒቱ ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነበር፤ ማንበብ አትችልም።

አንድ ቀን ካልቱን የምትባል ከሐርተሼክ ከተማ የመጣች ተማሪ ትምህርት ጨርሳ ጫማዋን ስታጠልቅ፣ የመስኮቱ ላይኛ ግማሽ አቧራ እንደጠገበ አየች። ከዚያ ሙሉመቤትን አየቻት።

«ኤዶ፣ ያምሻል እንዴ?» አለቻት በሶማልኛ፤ አክስቴ ማለቷ ነው።

«ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን።»

ካልቱን ጫማዋን መልሳ አወለቀች። «ኤዶ፣ ያምሻል ወይ?»

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ! ሂጂ፣ ቀጣዩ ክፍል ይረፍድብሻል።»

ልጅቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «ኤዶ ሙሉ፣ የት ነው የሚያምሽ?»

ሙሉመቤት መወልወያዋን ለቀቀችና አለቀሰች።

ደረጄ ነገሩን ሲሰማ የሚገባበት ጠፋው። ካልቱን ግን አምስት ወር ሙሉ በየምሳ ሰዓቱ ክንዷን እየያዘች አሠራቻት፤ ጣቶቿን ግድግዳው ላይ ሽቅብ እያራመደች፣ «ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ» እያለች። የጥምቀት ዕለት ሙሉመቤት ማንንም ሳትጠራ ቀሚሷን አጠለቀች። ልቧ ቅቤ ጠጣ።

አሁን ካልቱን ሸደር ከተማ ትሠራለች፤ ሥራ በዝቶባት የምትደውለው አልፎ አልፎ ነው። ሙሉመቤት ብቻዋን ትኖራለች። ጎረቤቱ በር ላይ ሲያገኛት «እንዴት ነሽ?» ይላል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፣ ያልፋል። ክንዷ ደህና ነው። ምሽቱ ግን ይረዝማል።

ባለፈው ወር ደረጄ ደወለ። ትምህርቱ ሊታደስ ነው፤ የእሷ ድምፅ ወጥቶ በሌላ ሰው ቢተካ ቅር ይላት እንደሆነ ሊጠይቅ ነው። «እርስዎም ድነዋል፣ ያቺ ታማሚም ትረፍ» አላት እየሳቀ።



«ተዋት፣ መምህር» አለችው። «እሷ እንኳ ሦስቴ የሚጠይቃት ሰው አላት።»