ዋስ ያላት ብቻ

ፈሪ ነኝ። ያኔም ፈሪ ነበርኩ፣ አሁንም ፈሪ ነኝ፤ ስለዚህ ለማታ ሥራ ላመለክት ስሄድ ያየኝ ሰው ቢስቅብኝ አይፈረድበትም። ጨለማ እፈራለሁ። ጅብ እፈራለሁ። የእባቡንማ ተዉት፤ መተማ ተወልዶ እባብ የማይፈራ ሰው ካለ ይምጣና ልየው።

ማስታወቂያው የተለጠፈው ወደ ድንበሩ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ አዲስ የተከፈተው ሱፐርማርኬት በር ላይ ነበር። ሱፐርማርኬት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አራት ረድፍ መደርደሪያ፣ ሁለት ፍሪጅና አንድ ሒሳብ መቀበያ ነው። ለእኛ ከተማ ግን ዕቃውን በራስህ እጅ አንስተህ የምትገዛበት የመጀመሪያው ሱቅ ስለነበር፣ ሰው ሊገዛ ሳይሆን ሊያይ ይገባ ነበር። ወረቀቱ ላይ «የማታ ዕቃ ደርዳሪ ሴት እንፈልጋለን። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች። ዋስ ያላት ብቻ» ይላል።

ሥራው የማታ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀን ቀን በዚያ ቆርቆሮ ሥር ካርቶን ተሸክሞ መመላለስ አይሞከርም፤ ያተንንሃል። ገዢውም መተላለፊያውን ይሞላዋል። ከጎንደር የሚመጣው መኪና ደግሞ የሚራገፈው አመሻሽ ላይ ነው። እና ሌሊቱን ተደርድሮ ማደር አለበት።

እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወድቄ ቤት ከተቀመጥኩ ወራት አልፎኛል። አብረውኝ የወደቁት ብዙ ስለነበሩ ማፈሩን ትቼዋለሁ። የከፋው የቤታችን ነገር ነው። አባቴ የትራክተር ኦፕሬተር ነበር። ከዓመት በፊት፣ ሰሊጥ ታጭዶ ሊያበቃ ሲል፣ በኮኪት በኩል ካለ እርሻ ሲመለስ መንገድ ላይ አገቱት። እኔን ያን ሰሞን ዘመድ ቤት ልከውኝ ነበር፤ ቤት ስገባ ሁለቱ ላሞቻችን ተሸጠዋል፤ እሱም ተመልሷል። ተመለሰና ከግቢያችን በር አልወጣም አለ። ቤተ ክርስቲያን አይሄድ፣ ለቅሶ አይደርስ። ሳሉጎች፣ ማለት ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ በአጥራችን ጥግ እያወሩ ሲያልፉ፣ በተለይ የጎጃም ሰው ድምፅ ሲሰማ፣ ብድግ ብሎ ጓዳ ይገባል። እኔ እንግዳ ሰው ሁሉ የሚያስፈራው ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጠች ነው የምታኖረን። ነገር ማስረዘም አትወድም። «አጨዳው ሳይጀመር ሥራ ካላገኘሽ እርሻ ወርደሽ ለሳሉጉ ወጥ ትሠሪያለሽ። በቃ» አለችኝ። እርሻ መውረድ ማለት አባቴ በታገተበት መንገድ መሄድ ማለት ነው። ከሁለቱ ፍርሃት የሚሻለውን መረጥኩና ነጠላዬን አስተካክዬ ሱፐርማርኬቱ ሄድኩ።

ባለቤቱን ሰው ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። ድንበሩ ሰላም በነበረበት ጊዜ ሱዳን ሲመላለሱ የኖሩ ነጋዴ ናቸው፤ አማርኛቸው ውስጥ ዓረብኛ ጣል ጣል ያደርጋሉ።

«ጨለማ ትፈሪያለሽ?» አሉኝ፣ ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ።

«ኧረ በጭራሽ፣ ሐጂ።»

«አይጥስ?»

«አይጥ ምን ታደርገኛለች?»

«ትዋሺያለሽ» ብለው ሳቁ። «ግድ የለም። ለዚህ ሥራ ፈሪ ይሻለኛል። ካንቺ በፊት የነበረችው ደፋር ሰርቃኝ ነው የሄደችው።»

ከዚያ ሳቃቸውን ሰበሰቡ። «ስሚ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ትገቢያለሽ፤ እኔ ከውጭ እቆልፋለሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እከፍታለሁ። በመካከሉ በር የሚባል ነገር የለም። ሰው ቢያንኳኳ አትመልሺም፤ በስምሽ ቢጠራሽም አትመልሺም። ያቺ ልጅ በመዝጊያው ሥር ሲጋራ ለሰው ስታሾልክ ነው የኖረችው። ከመዝጊያው ወዲያ ካለ ሰው ጋር አንድ ቃል ከተነጋገርሽ፣ ኻላስ፣ ሥራው አለቀ።»

«እሺ።»

«ዋስሽስ ማነው?»

«አባቴ» አልኩ። አፌ ነው ያለው እንጂ እኔ አይደለሁም። ዋስ የሚሆነው የመንግሥት ሠራተኛ ወይም በስሙ የቤት ካርታ ያለው ሰው ነው፤ ያውም በአካል ቀርቦ መፈረም አለበት። ከማውቀው ሰው ሁሉ ካርታ ያለው አባቴ ብቻ ነበር።

«ጥሩ። ዛሬ ማታ ትሞከሪያለሽ። ነገ ጠዋት በሩን ስከፍት አባትሽ መጥተው ካልፈረሙ ሌላ ልጅ አለች። ወላሂ አልጠብቅሽም።»

ከሱቁ እስከ ቤታችን አሥር ደቂቃ አይሞላም። ለአባቴ ግን ሌላ አገር ነው። ቤት ስደርስ ጥላው ሥር ተቀምጦ ለምንም የማይረባ አንድ አሮጌ ቦልት በጨርቅ ይወለውላል። ሁሉንም ነገርኩት፤ መቆለፉን፣ መልስ መስጠት መከልከሉን፣ የጠዋቱን ቀጠሮ።

«አምስት ደቂቃ ብቻ ነው አባዬ። ዋስ ሆነህ ትፈርምልኝና ትመለሳለህ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ሌላ ነገር ለምኚኝ» አለ።

«ሌላ ምን አለህና!» አልኩት። አሁን ሳስታውሰው ምላሴን መንከስ ያምረኛል። «አንተ በፈራኸው መንገድ እኔ ልሂድልህ? እኔንም ሲወስዱኝ ምን ትሸጥልኛለህ? ላም የለን!»

ወደ ቦልቱ አቀረቀረ። እናቴ ከውስጥ ወጥታ ክንዴን ያዘችኝ። «ተይው። የማታውቂው ነገር አለ።»

«ታዲያ ንገሪኛ!»

«የእኔ ነገር አይደለም» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ።

ሐጂ ቁልፉን ከውጭ ሲያዞሩት ድምፁ ጥርሴ ውስጥ ተሰማኝ። እርምጃቸው ራቀ፤ የሞተር ሳይክላቸው ድምፅ ጠፋ። ዘበኛው የሚጠብቀው ከኋላ፣ ከግቢው ማዶ ያለውን መጋዘን ነው፤ ብጮህም አይሰማኝም። በዚያ ሰሞን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ በከተማው መንቀሳቀስ ክልክል ነበር። እና ከሁለት ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ የሚሰማ ኮቴ የደግ ሰው አይደለም፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው። ካርቶን መቅደድ፣ ፓስታውን ከፓስታ፣ ሳሙናውን ከሳሙና ጋር መደርደር፣ ቀኑ ሊያልፍ የቀረበውን ወደ ፊት ማምጣት። እዚህ ላይ ተሞኘሁ። የወተቱ ቆርቆሮ ላይ ያለውን ዓመተ ምሕረት አየሁና «ይሄማ ገና ሰባት ዓመት አለው!» ብዬ ሁሉንም ወደ ኋላ ገፋሁት። የፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ትዝ ያለኝ ግማሹን ከጨረስኩ በኋላ ነው። ብቻዬን ራሴን ሰድቤ እንደገና ጀመርኩ። መናደድ ደግ ነው፤ ስናደድ ፍርሃቴ ይቀንሳል።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። ሲያጓራ ያመሸው ፍሪጅ ዝም አለ። የስልኬን ባትሪ አብርቼ ቆምኩ። ያኔ ነው ኮቴ የሰማሁት።

በአስፋልቱ ይመጣል። ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ትንሽ ይሄዳል። መዝጊያው ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ተደገፈውና ቆርቆሮው ወደ ውስጥ ጓ አለ። ስልኬን አጠፋሁና ከዘይት ጀሪካኖቹ ጀርባ ተንበረከክሁ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። እመቤቴ፣ እመቤቴ፣ እመቤቴ፤ ሌላ ጸሎት ጠፋኝ። መጡብኝ፣ አባቴን የወሰዱት መጡብኝ ብዬ ነበር የማስበው።

«እናቴ» አለ አንድ ድምፅ።

በዓለም ላይ እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ አንድ ሰው ነው።

«እኔ ነኝ፣ አባትሽ። አትመልሺልኝ፤ ሥራሽን እንዳታጪ። ከሰማሽኝ ብቻ አንድ ነገር አንኳኪ።»

ሄጄ አንድ የወተት ቆርቆሮ አነሳሁና በመደርደሪያው ብረት ላይ አንኳኳሁ። ሲተነፍስ ሰማሁት፤ እንደሮጠ ሰው ነው የሚተነፍሰው። መዝጊያው ሥር ቁጭ አለ፤ እኔም ከውስጥ ቁጭ አልኩ።

«ልጠብቅሽ አይደለም የመጣሁት» አለ። «ቤት መተኛት ከዚህ መንገድ ይልቅ አስፈራኝ። የታገትኩ ጊዜ ብቻዬን አልተያዝኩም። ትራክተሩ ላይ አንድ የጎጃም ሰው አሳፍሬ ነበር፣ ሳሉግ። ወንድሜ ይለኛል፣ ወንድሜ እለዋለሁ፤ መንደሩን እንኳ አልጠየቅሁትም። በሦስተኛው ቀን ‹አንተ ሂድና የሁለታችሁን ማስለቀቂያ ይዘህ ና፤ እሱ ዋስህ ነው› አሉኝ። ሁለት ቀን ሰጡኝ። እሱ ‹ወንድሜ፣ እንዳትዘገይ› ብቻ ነው ያለኝ። ትሰሚኛለሽ?»

አንኳኳሁ።

«እናትሽ ላሞቹን በአንድ ቀን ሸጣ ብሩን አዘጋጀችልኝ። መንገድ ልጀምር ስል እግሬ እምቢ አለኝ። ፈራሁ፣ እናቴ። አንድ ቀን ጓዳ ተደብቄ ዋልኩ። በማግስቱ ስሄድ ማንም የለም። እሳት ያነደዱበት አመድ ብቻ ነው ያለው። ብሩን ለማን ልስጥ? ይዤው ተመለስኩ። እናትሽ ሽንኩርቱን የጀመረችው በዚያ ብር ነው። እስከ ዛሬ የምንበላው የሱን ማስለቀቂያ ነው። ዘመዶቹ አንድ ቀን መጥተው ‹ወንድማችን የት አለ› ቢሉኝ ምን እላቸዋለሁ?»

እንዳንኳኳ አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝም አላንኳኳም ነበር። ልንገራችሁ፤ ለአንድ አፍታ አባቴን ጠላሁት። ያ የማላውቀው ሰው ቀን ሲቆጥር ታየኝ፤ እኛ ቤት ደግሞ አባቴ ጓዳ ተቀምጧል። ከዚያ ደግሞ እኔው ራሴ ቅድም ከጀሪካን ጀርባ እንዴት እንደተንበረከክሁ ትዝ አለኝ። አለቀስኩ። ሳለቅስ እንዳይሰማኝ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

ከዚያ ተነስቼ በጨለማው እየዳበስኩ ደረደርኩ። በየመካከሉ አንዴ አንኳኳለሁ፤ እሱም አንዴ በጣቱ ቆርቆሮውን ይመታል።

ሐጂ ጠዋት መዝጊያውን ወደ ላይ ሲገፉት አባቴ አጠገባቸው ቆሟል። ልብሱ አቧራ ነው። እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝ። ሐጂ መደርደሪያዎቹን ዞር ዞር ብለው አይተው ወረቀቱን ሒሳብ መቀበያው ላይ ዘረጉት።

«ማሻአላህ፣ ልጅዎ ሠራተኛ ናት። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

አባቴ እስክሪብቶውን ተቀበለ። ያዘው። መልሶ አስቀመጠው።

«ዋስ አልሆንም፣ ሐጂ።»

መሬቱ ከዳኝ። የኮኪት መንገድ፣ ሰሊጡ፣ የሳሉጉ ድስት፣ ሁሉም ባንዴ ታየኝ። «አባዬ!» አልኩ።

«ካርታዬን ልስጥዎት፣ እርስዎ ጋ ይቀመጥ» አለ፣ እኔን ሳያይ። «ግን ከውጭ ሆኜ ዋስ አልሆናትም። እኔንም አብረው ይቆልፉብኝ። ማታ ማታ አብሬያት ልግባ። አንድ ነገር ቢጠፋ ሁለታችንም እዚሁ ነን።»

«ሁለት ደመወዝ አልከፍልም እኮ!»

«አልጠየቅሁም።»

ሐጂ የአባቴን መታገት ያውቃሉ፤ የማያውቅ የለም። መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። «እርስዎን? ከውጭ ልቆልፍብዎት?» አሉ።

«አዎ።»

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «እንግዲህ ማታ አንድ ሰዓት» አሉ።

ማታ አብረን ገባን። መዝጊያው ወረደ። ቁልፉ ሲዞር አባቴ ሰውነቱ በሙሉ ዘለለ፤ ግድግዳውን ይዞ ቆመ፣ ከዚያ የፓስታው ካርቶን ላይ ቁጭ አለ። ላብ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ሲፈራ አይቼው አውቃለሁ፤ እንደዚያ ሲፈራ ግን አይቼው አላውቅም።

«አባዬ፣ ልጥራቸው? ገና አልራቁም። ይክፈቱልህ።»

ራሱን ነቀነቀ። ሞተር ሳይክሉ ርቆ እስኪጠፋ አዳመጠ።

«ያ ወንድሜ ብቻውን ነበር» አለ።

አጠገቡ ትንሽ ቆምኩና፣ የመጀመሪያውን ካርቶን ቀድጄ ሳሙናውን አንድ በአንድ አቀብለው ጀመር።