አገጩ ወደ ግራ ይሄዳል

ኢንተርኔት ላይ በጻፍኩት ጽሑፍ ምክንያት ከክሊኒኬ ሲወስዱኝ ነጭ ጋዎኔን እንኳ አላወለቅኩም። ከሌሎች ጋር ያሰሩኝ መርካቶ ውስጥ ባለ አሮጌ የበርበሬ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት የበርበሬና የሽንት ሽታ ተቀበለኝ። ጥግ ላይ ያለው ባልዲ ሞልቶ ወደምንተኛበት ካርቶን ይፈስ ነበር።

ከጎኔ የሚተኛው ጎጃም በረንዳ በሸክም የሚተዳደር ሰው ነው። ከመንገድ አፍሰው ካመጡት በኋላ ግራ ጉንጩን በሰደፍ መትተውታል። ከዚያ ወዲህ አፉን በከፈተ ቁጥር አገጩ ወደ ግራ ይሄዳል። መርማሪው “አፉን እያጣመመ ያሾፍብኛል” ብሎ እንደገና አስደበደበው። ዳቦውን በውሃ እያራሰ ሲውጥ ግማሹ ይዝረበረባል። እኛ ደግሞ፣ እንዳናይ፣ ፊታችንን እናዞር ነበር።

በአራተኛው ቀን መርማሪው ሁለታችንንም አስጠራን። ብርቱካን ይልጣል።

“ዶክተር ነህ አይደል? ሰውየው ጤነኛ ነው፣ ሆን ብሎ ነው የሚያጣምመው ብለህ ጻፍ። ነገ ቤትህ ትገባለህ።”

“ሳላየው አልጽፍም።”

“እየዋ!”

ሁለቱን እጆቼን ጉንጮቹ ላይ አሳረፍኩ። “ጥርስህን ግጠም፤ አጥብቀው።” በቀኝ በኩል ጡንቻው ጠጠር አለ። በግራ በኩል እንደ ሊጥ ለስላሳ ሆኖ ቀረ። አፍ ማጣመም ማንም ይችላል፤ ጥርስን ገጥሞ የአንድ ጎን ጡንቻን ማላላት ግን አይቻልም።

“የማኘኪያ ጡንቻውን የሚያዘው ነርቭ ሳይጎዳ አልቀረም” አልኩ። “ሆስፒታል ይሂድ።”

መርማሪው የብርቱካን ፍሬ እግሬ ስር ተፋና ወረቀቱን ገፋልኝ። “ነገ ቤትህ፣ ብዬሃለሁ።”

እስክሪብቶው በጭማቂ ተለውሶ ይጣበቃል። ያዝኩት። ልጆቼን አሰብኩ፣ ባልዲውን አሰብኩ። ብዙ ቆየሁ።

ተሸካሚው ምራቁን በእጁ ጠረገና “ይጻፉለት፣ ዶክተር” አለኝ። “እርስዎ እንኳ ይውጡ።”

ራሴን ተጸየፍኩት። ያገኘሁትን እንዳለ ጻፍኩና ስሜን ከነአያቴ ፈረምኩ። መርማሪው ቀዶ ጣለው። ሌላ ወረቀት ጠየቅኩት።

በማግስቱ ሰውየውን አወጡት። ሆስፒታል ይሁን ሌላ እስር ቤት እስከ ዛሬ አላወቅኩም። እኔ አራት ወር ቆየሁ።

አሁን ይህን የሰሙ ወዳጆቼ ጀግና ይሉኛል። እሱ “ይውጡ” ለማለት አላመነታም። እኔ ግን አመንትቻለሁ።